ዘመቻው ከማን ቤት ይጀመር?

የሌላ ሰው ልጅ ማዝመት የሚወድ ሽማግሌ በእናንተ ሰፈር የለም? እኛ ላሊበላ ላይ ጋሽ ተካ አሉን። ከቅዳሴ በኋላ የሰንበቴው ጠላ ሁለተኛ ዙር ሲደርስ ጋሽ ተካ ብሔራዊ ውትድርናን መልሰው ያውጃሉ።

«እኛ በግዴታ ዘምተን ነው ሰው የሆንነው! የዛሬ ወጣት ስልክ ከመነካካት በቀር ምን ያውቃል?»

እኛም ራሳችንን እንነቀንቃለን። ጠላው ጥሩ ከሆነ ማን ይከራከራል?

ባለፈው እሑድ ግን የሰንበቴው ሰብሳቢ የሆኑት ቄስ ደንባችንን አስታወሱ። በእኛ ሰንበቴ ሐሳብ ያመጣ ሰው ተራውን ራሱ ይጀምራል። ዳቦው ይተልቅ ያለ፣ ትልቁን ዳቦ አስጋግሮ የሚመጣው እሱ ነው።

«እንግዲህ ጋሽ ተካ፣ ከእርስዎ ቤት እንጀምራ! ሞላን ይስጡን» አሏቸው።

ሞላ የመጨረሻ ልጃቸው ነው፤ በየእሑዱ ደግፎ ወደ ቤት የሚመልሳቸውም እሱ ነው። ጋሽ ተካ ዋንጫቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ሞላማ... ብርድ አይችልም» አሉ።

የላስታ ልጅ ብርድ አይችልም! አሸተን ማርያም ተራራን በነጠላ የሚወጣው ሞላ! በሳቅ ፈነዳን። ቀጣዩ ተራ የማን ልጅ እንደሆነ ግን ከመሃላችን የጠየቀ አልነበረም።

ጋሽ ተካ ተቆጡ። «እንግዲያው በሱ ፈንታ እኔው እዘምታለሁ!» ብለው ከመደቡ ሊነሱ ሞከሩ። ጉልበታቸው እምቢ አለ። ደግመው ሞከሩ፤ አሁንም እምቢ።

ይሄኔ ወደ ደጅ ዞረው ተጣሩ።

«ሞላ! ና እስቲ ደግፈኝ፣ ልዘምት ነው!»