የቆቦ ታንኳ ቀዛፊዎች

በረሃብ ዘመን ድግስ የሚያምረው ሹም ገጥሟችሁ ያውቃል? በስድሳ ስድስት፣ ቆቦ አስተማሪ ሳለሁ፣ እኔን ገጥሞኛል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ በዓል ግን ነፍሱ ነው። ወንዛችን አሸዋ ሆኖ ሳለ፣ ለሐይቅ የታንኳ ውድድር ቀዛፊ ሊመርጥ መጣ።

ገበያው ላይ ሰዉን ሰብስቦ፣ «ባህላችን እንዳይጠፋ!» አለ። የኛ ጭንቀት ሰዉ እንዳይጠፋ ነበር።

«መቅዘፍ የሚችል አለ?» ሲል አንድ እጅ እንኳ አልተነሣም። በሬዎቹ ያለቁበት ገበሬ ሰይድ ግን፣ «ጌታዬ፣ ቀዛፊ ይቀለባል?» ብሎ ጠየቀ።

«እንዴታ! ጠዋትም ማታም።»

ያኔ ያልተነሣ እጅ አልነበረም፤ ታንኳ አይቶ የማያውቀው ሁሉ ቀዛፊ ሆነ።

እኔም አብሬያቸው ወደ ሐይቅ ሄድኩ። በውድድሩ ቀን ፊሽካው ሲነፋ የሌሎቹ ወረዳዎች ታንኳ ተፈተለከ፤ የኛዎቹ ባሉበት ይሽከረከሩ ጀመር። ሰይድ መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ውሃውን በእፍኙ እየጠጣ፣ «አልሐምዱሊላህ» ይላል። ሽልማቱ ተሰጥቶ ካለቀ በኋላ ዳር ደረሱ።

«አዋረዳችሁን!» ብሎ ጮኸ ሹሙ።

ሰይድ ከተሰጠው ዳቦ ግማሹን ለልጆቹ ጋቢው ጫፍ ላይ እየቋጠረ፣ «አይቆጡ ጌታዬ፣ ልምድ አንሶን ነው» አለ። «ዝናብ እስኪጥል እዚሁ ያለማምዱን። ልጆቻችንንም ያስመጡልን፤ ቀዘፋ የሚለመደው በልጅነት ነው።»