ለዘሀራ ልመሰክር ግብር ቢሮ ሄጄ

ደመወዝተኛ ሰው ስለ ግብር ሲያወራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጎርፍ ታች ሰፈር ገባ ሲባል ጋራ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ይመስላል። ያዝናል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ እግሩ ግን ደረቅ ነው። እኔም ሐይቅ ከተማ ጂኦግራፊ ሳስተምር የኖርኩት እንዲሁ ነው። ግብሬ ደመወዙን ገና በእጄ ሳልነካው ተቆርጦ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ እኔና ግብር ምን ያገናኘናል? ሐምሌ በገባ ቁጥር ነጋዴው ሁሉ ፊቱ ሲከስል እኔ ጋቢዬን ደርቤ ምክር እለግሳለሁ። ምክር እንደሁ ግብር የለበትም!

ዘሀራ የደሴ ወልድያን መንገድ በሚያየው የቤቴ ክፍል አሣ የምትጠብስ ሴት ናት። ቆሮሶ የሚባለውን አሣ እንዴት አድርጋ ጠብሳ እንደምታደርቀው አልነግራችሁም፤ ወጌን ጥላችሁ ወደዚያው ትሄዱብኛላችሁ። ዘንድሮ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አንድ የግብር ወረቀት ይዛ ደጄ ላይ ቆመች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። የቀን ገቢዋን የገመቱት የግብር ቢሮ ሰዎች የመጡት ለካ በግሸን ሰሞን ኖሯል። በግሸን ሰሞን፣ ያ ሁሉ ተሳላሚ በአውቶቡስ ሲያልፍና ሲመለስ፣ እንኳን አሣ ድንጋይ ጠብሶ የሚሸጥም ይከብራል። እነሱ ግን ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ እንደምትሸጥ አድርገው ጻፉባት።

“ወላሂ ጋሼ፣ ይኸ ከጸናብኝ ቤቱን እዘጋለሁ። ልጆቼን በምን አሳድጋለሁ? አንቱ ንግግር ያውቁበታል፤ አብረውኝ ይሂዱ” አለችኝ።

ንግግር ታውቃለህ ተብሎ እቤቱ የቀረ መምህር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ባለቤቴ አልማዝ “ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት” ብላ ልትተርትብኝ ስትነሳ፣ “ተጠርቻለሁ እኮ!” ብዬ ኮቴን ለበስኩ።

ግብር ቢሮ ቅሬታ የምትቀበለው ሠራተኛ ድምፅዋ የለሰለሰ ወጣት ሴት ናት። ድምፁ ከለሰለሰ ሰው ይሰውራችሁ። ቆሜ ጀመርኩ። ሐይቁ ሲናወጥ ጀልባ እንደማይወጣ፣ አሣ በጠፋ ሳምንት የዘሀራ መጥበሻ ቀዝቅዞ እንደሚውል፣ በጾም ወራት ደግሞ ግማሹ ከተማ አሣ ይበላል አይበላም እያለ ሲከራከር እሷ በመካከል እንደምትጎዳ አስረዳሁ። አዳራሽ ሙሉ ተማሪ ፊት እንኳ እንዲህ አምሮልኝ አያውቅም። ልጅቷ አዳምጣ ስታበቃ፣ ይህን ሁሉ በምን እንዳወቅሁ ጠየቀችኝ።

“በምን አወቅህ ይባላል እንዴ? ቤቱ የኔ! ስድስት ዓመት ሙሉ ኪራይ የምትከፍለኝ እኔን! ገበያ ሲቀዘቅዝ ‘ትንሽ ቀን ይስጡኝ’ የምትለኝ እኔን! ከኔ ወዲያ ማን ይወቅላት?”

ዘሀራ የኮቴን ጫፍ ጎተተች። ልቧ ተነክቶ ነው ብዬ ይብሱን ጋልኩ። “ካላመናችሁኝ” አልኩ፣ “የጓሮውን ክፍል የተከራየኝን ፀጉር አስተካካይ ጥሩና ጠይቁት!”

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አነሳች። የኪራይ ገቢዎን አሳውቀው ያውቃሉ? አለችኝ።

ጆሮዬ ውስጥ ባጃጅ ተነሳ። ደመወዝተኛ ነኝ፣ ግብሬ በየወሩ ይቆረጣል አልኩ። ያ የደመወዝ ነው፣ የኪራዩ ለብቻው ነው አለች። በሚቀጥለው ዓመት ጡረታ ብወጣስ? የጡረታ አበልዎ አይነካም፣ የኪራዩ ግን ይቀጥላል። ውሉ እኮ በቃል ነው! በጽሑፍ ያድርጉት። ጣሪያውን ያደስኩትስ? ለጥገና በሕጉ የሚቀነስልዎት አለ፣ አይጨነቁ። አለማወቄስ? እዚህ ላይ በጣም አዘነችልኝ፤ እያዘነች መቀጫ የሚባል ነገር እንዳለ ነገረችኝ። እንዲህ በትሕትና ተደብድቤ አላውቅም።

ከዚያ ወደ ዘሀራ ዞረች። የኔ ምስክርነት ዝርዝርና አሳማኝ ስለሆነ ግምቷ እንደገና ይታያል ተባለ፤ በሳምንቱም ታይቶ ወረደላት። የኔም ፋይል በዚሁ አሳማኝ ምስክርነት ተከፈተ።

ወደ ቤት ስንመለስ ዘሀራ ደስታዋን የት እንደምትደብቀው ጠፋት። “ሱብሃነላህ! ዝም ይበሉ ብዬ እኮ ነው የጎተትኩዎት” ትላለች፣ ደግሞ “አብሽሩ ጋሼ” ትላለች። እኔ የስድስት ዓመት ኪራይ በልቤ እደምራለሁ። አልማዝ ነገሩን ስትሰማ እንደምትጮህ ጠብቄ ነበር፤ እሷ ግን ያንኑ ተረቷን ዳር እስከ ዳር ተረተችብኝ። እሱ ባሰብኝ።

ሁለት ሌሊት ስገላበጥ አድሬ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ የማይረባ ሰው ሐሳብ መሆኑን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። በሦስተኛው ቀን ዘሀራ ዘንድ ሄድኩ። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ኑሮ መክበዱን፣ ግብር መምጣቱን፣ ስለዚህም ከመስከረም ጀምሮ ኪራዩ ላይ ጥቂት መጨመሬ እንደማይቀር ዓይኗን ሳላይ ነገርኳት።

አልተቆጣችም። አንድ የደረቀ ቆሮሶ አቀረበችልኝና እጇን አብሳ እንዲህ አለች፦

“ሐቅዎ ነው ጋሼ፣ ይጨምሩ። የጨመሩትን በወረቀት እናስፍረውና ለዚያች ልጅ እኔው ራሴ እወስድላታለሁ። አንቱ ለኔ እንደመሰከሩልኝ፣ እኔም ለአንቱ አንድ ሳላስቀር እመሰክርልዎታለሁ።”

ኪራዩ ባለበት ነው።