ራዕይን የማሳደር ጉዳይ

ታላላቅ ሰዎች ሲዛወሩ ዕቃቸው ብቻ አይደለም የሚጫነው፤ ታሪክም አብሮ ይጫናል። ኃላፊው በደሴቲቱ ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት ተሹመው ሲሄዱ ግን ታሪክ ብቻውን አልተጫነም፤ ፈረስም ነበር።

ፈረሱ ግራጫ ነው፤ ስሙ ራዕይ ይባላል። ይህን ስም ያወጡለት ኃላፊው ራሳቸው ሲሆኑ፣ ከዚያ በኋላ በየስብሰባው «እኔ ራዕይ ያለኝ መሪ ነኝ» ቢሉ ዋሹ የሚላቸው አልነበረም። የራዕይን ልጓም ይዘው የተነሡት ፎቶግራፍም በቢሯቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖሯል። ልጓሙን ይዘው እንጂ ተቀምጠውበት አይደለም። ኃላፊው ፈረስ ይፈራሉ፤ ይህንንም ከራሳቸው ሌላ የሚያውቅ ፈረሱ ብቻ ነበር።

ከጀልባ እንደወረዱ ባለቤታቸው ሻንጣ ላይ ቁጭ ብለው፣ «መጀመሪያ ለራሳችን ቤት ብንፈልግስ?» አሉ።

«ቤት የግል ጉዳይ ነው» አሉ ኃላፊው። «የራዕይ ማደሪያ ግን የተቋሙ ገጽታ ነው።»

ፍለጋው በተጠናና በተቀናጀ መልኩ ተጀመረ። የመጀመሪያው ጋጣ የአንድ ዓሣ አጥማጅ ሲሆን፣ ንጹሕና ደረቅ ነበር። ኃላፊው መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ዞር ዞር አሉ።

«ጎረቤቱ ማን ነው?»

«አህያ ናት» አለ ዓሣ አጥማጁ።

«ምን ደረጃ ያላት?»

ሰውዬው ትንሽ አሰበ። «ደኅና አህያ ናት። ጠዋት ጠዋት ትጮኻለች እንጂ ሌላ ዓመል የላትም።»

ኃላፊው ወደ ባለቤታቸው ዘወር አሉ። «ራዕይ ከአህያ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር? መሥሪያ ቤቱ ቢሰማ ምን ይላል?»

«እዚያ መሥሪያ ቤትስ ለምዶት የለም እንዴ» አሉ ባለቤታቸው።

ሁለተኛው ጋጣ ባሕሩን የሚያሳይ ሰፊ መስኮት ነበረው። ኃላፊው ተደስተው ሲያበቁ ድንገት ፊታቸው ጠቆረ፤ መስኮቱ የሚያየው ወደመጡበት አገር ነበር።

«ፊቱን ወደኋላ አዙሮ የሚያድር ራዕይ አይቼ አላውቅም።»

«ፈረሱን ማዞር ይቻላል እኮ» አለ ባለጋጣው።

«ራዕይ አይዞርም» አሉ ኃላፊው፤ ጉዳዩም ተዘጋ። በዚህ መሃል ራዕይ ወደቡ ላይ ታስሮ የወደብ አስተዳደሩን አበባ በሰላም ይግጥ ነበር።

ሦስተኛው ጋጣ ኮረብታው ላይ ነው፤ ባለቤቷም ከንግግሯ ይልቅ ዝምታዋ የሚያስፈራ ሴት ናት። አህያ የለም። መስኮቱ ወደ ፀሐይ መውጫ ያያል። ድርቆሹ በሩ አጠገብ እስከ ጣሪያ ተከምሯል። ኃላፊው ራዕይን አስመጥተው፣ ኮታቸውን ቆልፈው፣ «በዛሬው ታሪካዊ ዕለት...» ሲሉ ሴትዮዋ አቋረጠቻቸው።

«አንድ ነገር አለ። ሳይጋለብ የከረመ ፈረስ እየተቅበጠበጠ ሌሎቹን ፈረሶች ይረብሽብኛል። ባለቤቱ እስከዚያ ዛፍ ድረስ ጋልቦ ይመለስና ልየው።»

ኃላፊው ላብ ላብ አላቸው። «በኮሚቴ ቢታይስ?»

«ኮርቻው የሚችለው አንድ ሰው ነው።»

ምርጫ አልነበራቸውም። ግራ እግራቸውን እርካቡ ውስጥ አስገቡ። ራዕይ መዞር ጀመረ፤ ኃላፊውም በቀኝ እግራቸው እንጣጥ እንጣጥ እያሉ አብረው ዞሩ። ወደ ላይ ለመውጣት ወደ ጎን ብዙ ተጓዙ። በመጨረሻ ያለ የሌለ ኃይላቸውን አሰባስበው ዘለሉና ኮርቻውን ሳይነኩት አለፉ። በወዲያኛው በኩል ድርቆሹ ዋጣቸው።

ድርቆሹ ትንሽ ተነቃነቀ።

«ምቾቱን እየፈተሽኩ ነው» የሚል ድምፅ ከድርቆሹ ውስጥ መጣ። «አጥጋቢ ነው።»

ያኔ ባለቤታቸው ጫማቸውን አውልቀው፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ወንበር ላይ የሚቀመጡ ያህል ኮርቻው ላይ ጉብ አሉ። ራዕይ ጆሮውን አቆመ። ዛፉ ጋ ደርሰው፣ ዛፉን አልፈው፣ ሻሻቸው ወድቆ ጸጉራቸው ተበትኖ፣ እየሳቁ ተመለሱ። ኃላፊው አንገታቸውን ከድርቆሹ አውጥተው ያዩ ነበር። ይህን ሳቅ ከሠርጋቸው ወዲህ ሰምተውት አያውቁም፤ ምን እንደሆነ እንጃ፣ ልባቸው ደንገጥ አለ።

«የት ነው የተማርሽው?»

«አባቴ ፈረስ ገሪ ነበር።»

«ነግረሽኝ አታውቂም።»

«ስለ ራዕይ ስታወራ መሃል መግቢያ አይገኝም።»

ሴትዮዋ የራዕይን አንገት መታ መታ አደረገች። «ተቀብዬዋለሁ። ባለቤቱ እርስዎ ነዎት ማለት ነው?»

«ከዛሬ ጀምሮ እኔ ነኝ።»

«እኚህ ድርቆሽ ውስጥ ያሉትስ?»

«እሱ የፈረሱ ሳይሆን የኔ ባለቤት ነው። ማደሪያ ስላላገኘን ለዛሬ ከዚሁ ጥግ ላይ ብታሳድሪልኝ?»

ሴትዮዋ ከድርቆሹ ብቅ ያሉትን ኃላፊ ትክ ብላ አየቻቸው። «ይረብሻሉ?»

«ንግግር ካልጀመረ ሰላማዊ ነው።»

ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በዚህ አጋጣሚ...»

«ግዴለም» አለች ሴትዮዋ ወደ ግድግዳው እጇን እየሰደደች፣ «ትርፍ ልጓም አለኝ።»