ወንድ የሚያከብር ፍሪጅ

ነታንያ ከተማ ውስጥ እርጅና የተጫነው ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ አለን። ሕንጻው ቢያረጅም ቫዓድ ባይቱ፣ ማለትም የነዋሪዎቹ ኮሚቴ፣ በጥበብ ወደር የለውም። ይህን የምመሰክረው ጸሐፊ ሆኜ ቃለ ጉባኤውን በገዛ እጄ የምጽፈው እኔ ወርቅነህ ነኝ። አባላቱ አምስት ነን፤ አምስታችንም ወንዶች።

ኮሚቴው በኤሌክትሪክ ልማት ረገድ የሚታማ አይደለም። አያት የሚያህሉትን ባለ ሁለት ቀዳዳ ሶኬቶች አስነቅሎ የሚያብረቀርቁ ባለ ሦስት ቀዳዳ አስገብቷል። እርግጥ ነው፣ ሦስተኛዋ ቀዳዳ ያመለጠ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወርድበት ሽቦ ያስፈልጋታል፤ ይህ ሽቦ ከግድግዳው ውስጥ የለም። ሊቀመንበራችን አቶ መንግስቴ ግን እንግዳ ሶኬቱን እንጂ ግድግዳውን ፈልፍሎ አያይም ብለው ነገሩን ዘጉት።

በነሐሴ ወር አንድ ዓርብ የሊቀመንበሩ ባለቤት ወይዘሮ ዓይናዲስ ለሰንበት ወለሉን በውሃ እያጠቡ በባዶ እግራቸው ፍሪጁን ከፈቱ። ፍሪጁ መታቸው። ክንዳቸው እስከ ማታ ደነዘዘ። ይህ ሦስተኛ ጊዜ ስለነበረ በአራተኛው እሞታለሁ ብለው ሐሽማላይ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ እንዲጠራ ለመኑ። አቶ መንግስቴም ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ሲሉ ጉዳዩን ወደ ኮሚቴው መሩት።

የተሰበሰብነው እዚያው ቤታቸው ነው። ወይዘሮ ዓይናዲስ ከሚመታቸው ፍሪጅ አውጥተው ቀዝቃዛ ውሃ አቀረቡልን፤ እኛም አመሰገንን። ጎንደር ሳሉ ስንቱን ጠበኛ ያስታረቁት አባ ዋሴ ምርመራውን መሩት። ፍሪጅ መትቶን ያውቅ እንደሆነ አምስታችንንም አንድ በአንድ ጠየቁ። የተመታ አልነበረም። እኔም «ከተጠየቁት መቶ በመቶ አልተመቱም» ብዬ መዘገብኩ። ሚስቶቻችን አባል ስላልሆኑ አልተጠየቁም።

«እንግዲህ ልጄ ዓይናዲስ» አሉ አባ ዋሴ፣ «ይኸ መቃሬር የሚሉት ፍሪጅ ወንድ ያከብራል። አንቺን ለምን እንደሚመታ አንቺው አስቢበት። ስትከፍችው ትቆጭው ይሆናል።»

«አባባ፣ እናንተ መቼ ከፍታችሁት ታውቃላችሁ?»

ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ስለሆነ አልተመዘገበም። እርግጥ ነው፣ ወንድ ማድቤት መግባቱ ነውር በሆነበት አገር አደግን። ባሕር ስንሻገር ብዙ ነገር ጥለን መጥተናል፤ ይህችን ግን አንድ ጭረት ሳይነካት አድርሰናታል።

ኮሚቴው ወይዘሮ ዓይናዲስ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ እንዲያደርጉ፣ በሩን በለሰለሰ እጅ እንዲከፍቱና ከፍሪጁ ጋር በሰላም እንዲኖሩ በሙሉ ድምጽ ወሰነ። እሳቸው ውሳኔውን አንብበው ፍሪጁ ላይ ለጠፉት። ከዚያ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ቃዲማ ዞራን ወዳለችው ልጃቸው ሳሪት በአውቶቡስ ሄዱ። ሐሽማላይ ሲገባ እገባለሁ ነው ያሉት።

አቶ መንግስቴ ሁለት ቀን የቧንቧ ውሃ እየጠጡ በክብር ቆዩ። በሦስተኛው ቀን ሙቀቱ ጸናባቸው። ገላቸውን ታጥበው፣ ውሃው ከላያቸው እየተንጠባጠበ፣ በባዶ እግራቸው ማድቤት ገቡ። ጩኸታቸው ሦስተኛ ፎቅ እኔ ዘንድ ደረሰ። ስደርስ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ክንዳቸውን ይዘዋል።

«ወርቅነህ» አሉኝ፣ «ይህ ነገር ሰው ይገድላል።»

አስቸኳይ ስብሰባው በሩብ ሰዓት ውስጥ ተጠራ። ጅቡን ያነሳ ሰው አልነበረም። እኔም «ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከሰተውን አደጋ በተመለከተ» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ አቪራም የሚባል ሐሽማላይ መጥቶ አንዱን ሶኬት ፈታ፤ ይህን ማን እንደሠራው ጠየቀ። ሁላችንም ጣሪያውን አየን። ግድግዳውን ፈልፍሎ የጎደለውን ሽቦ ዘረጋ፤ አደጋ ሲመጣ ኤሌክትሪኩን በራሱ የሚቆርጥ ማጥፊያም ጨመረ። ሲጨርስ እስካሁን ሰው አለመሞቱ ተአምር ነው አለ። ሊቀመንበሩ ይህን ለኮሚቴው እንደተሰጠ ምስጋና ቆጥረው እንድመዘግበው አዘዙኝ፤ መዘገብኩት።

ወይዘሮ ዓይናዲስ ተመለሱ። ጫማቸውን አውልቀው ጣታቸውን ፈራ ተባ እያሉ ወደ ፍሪጁ ዘረጉ። ነኩት። ምንም አልሆኑም። ዓይናቸው እንባ ሲያቀርር አይቼ አፈርኩ። ቃለ ጉባኤ ውስጥ ግን ለእፍረት የተተወ መስመር የለም።

ያን ምሽት እዚያው ቤታቸው የምስጋና ስብሰባ ተደረገ። አቶ መንግስቴ ሳይቃጠል በቅጠል በሚል ርዕስ፣ የኮሚቴው አርቆ አሳቢነት ስንት ነፍስ እንዳዳነ ለረጅም ጊዜ ተናገሩ። በመጨረሻ ጉሮሯቸው ደረቀ።

«ዓይናዲስ፣ እስቲ ቀዝቃዛ ውሃ አምጭልን።»

ወይዘሮ ዓይናዲስ ወንበር ስበው ከመካከላችን ተቀምጠዋል።

«አሁን አይመታም አይደል?»

«አይመታም። ሐሽማላዩ በደንብ ፈትሾታል።»

«እንኪያስ አንቱም ይክፈቱት።»

ጉዳዩ በችኮላ የሚታይ ስላልሆነ አጥኚ ንዑስ ኮሚቴ አቋቁመናል። ፍሪጁ ያለው ከወንበራችን ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ነው። ይህን ቃለ ጉባኤ ስጽፍ አምስታችንም ከንፈራችን ደርቆ፣ ማን ይነሳ በሚለው ላይ እየተወያየን ነው።