ክቡርነታቸው በአውቶቡስ

ዳካ ከተማ ብዙ ጎርፍና ብዙ አውሎ ነፋስ አሳልፋለች፤ ኃላፊ በአውቶቡስ ሲሄድ ግን አይታ አታውቅም ነበር። ይህን ታሪካዊ ክፍተት የሞሉት የሰላማዊ ትራፊክ ፍሰት ማስተባበሪያ ቢሮ የበላይ ኃላፊ፣ ክቡር አቶ ሻምሱዶሃ ታሉክዳር ናቸው። ክቡርነታቸው አንድ ቀን ተነሥተው «የሕዝቡን ብሶት በሕዝቡ ወንበር ላይ ተቀምጬ ማየት አለብኝ» ብለው ቆረጡ።

ቢሮውም ለውሳኔው የሚመጥን ዝግጅት አደረገ። አውቶቡሱ ታጠበ፤ መጋረጃ ተሰቀለለት፤ ሽቶ ተረጨበት። ክቡርነታቸው የመንገዱን መጨናነቅ ያለ አንዳች መጨናነቅ ይመለከቱ ዘንድ፣ ከሚርፑር እስከ ጉሊስታን ያለው መንገድ ከማለዳ ጀምሮ ተዘጋ። ተሳፋሪም ከቢሮው ሠራተኞች ከየክፍሉ ተመደበ።

ኃላፊው ባዶውን አስፋልት በመስኮት እያዩ በእርካታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያም አጠገባቸው የተቀመጠችውን ሴት አነጋገሩ።

«እህቴ፣ ከየት ተሳፈርሽ?»

«ከሂሳብ ክፍል፣ ክቡርነትዎ።»

ጸሐፊያቸው ኩድራት ጉሮሮውን ጠረገ።

«ማለቴ... ከሚርፑር።»

«አገልግሎቱስ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ! እንዲያውም ምቾቱ በዝቶብናል።»

«ጻፍ፣ ኩድራት» አሉ ኃላፊው በጥሞና፤ «ምቾቱ በመጠኑ ይቀነስ።»

ጉሊስታን ሲደርሱ ክቡርነታቸውን ልክ እንደ ተራ ዜጋ ሽንት ያዛቸው። ወርደው በአቅራቢያው ወዳለ መስጊድ መጸዳጃ ገቡ። ሲወጡ አውቶቡስ የለም። ኩድራት ከፊት ባለው የአጀብ መኪና ውስጥ የገቡ መስሎት፣ የመኪናው ሾፌር ደግሞ አውቶቡሱ ውስጥ ያሉ መስሎት፣ አጀቡ በሙሉ ሥነ ሥርዓቱን ጠብቆ ተመልሷል። ስልካቸው ኩድራት ጋ ነው፤ ቦርሳቸውም እንዲሁ። ትልቅ ሰው ዕቃ አይሸከምም።

መንገዱ ተከፈተ። ጠዋት ሙሉ ታፍኖ የዋለው ሕዝብ ባንዴ ተለቀቀ። ኃላፊው እንደ ምንም ተጋፍተው የአንዱን አውቶቡስ በር ያዙ።

«ጠጋ በል አባባ! ግባ፣ ግባ!» ረዳቱ ጀርባቸውን ገፋው።

«ቀስ! እኔ የፍሰት ቢሮ ኃላፊ ነኝ!»

«እኔ ደግሞ የባሕር ኃይል አዛዥ ነኝ። በል ወደ ውስጥ ፍሰስ!»

አንድ እግራቸው የሰው ቅርጫት ላይ፣ አፍንጫቸው የማያውቁት ሰው ብብት ሥር ሆነው ቆሙ። ረዳቱ ሂሳብ ሲጠይቃቸው ባዶ ኪሳቸውን ዳበሱ።

«ተዋቸው፣ እኔ እከፍላለሁ» አለች ሞሜና የምትባል የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ። «የጠፉ ሽማግሌ ናቸው መሰለኝ። ኃላፊ ነኝ ይላሉ እኮ፣ ምስኪን።» ከዚያ አሮጊት እናቷን ጠጋ አድርጋ የወንበሩን ጫፍ ለቀቀችላቸው። «አባባ፣ የልጆችዎን ስም ያስታውሳሉ?»

«አስታውሳለሁ እንጂ!»

«ጎሽ!» አሉ አሮጊቷ ቁና ቁና እየተነፈሱ።

«እናትሽን አሟቸዋል እንዴ?» አሉ ኃላፊው።

«ልባቸውን ነው። ለወራት የጠበቅነው የሐኪም ቀጠሮ ዛሬ ነበር፤ መንገዱ ተዘግቶ አለፈን። አንድ ትልቅ ሰው የመንገድ መጨናነቅ ሊያይ ነው አሉ።»

አሮጊቷ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «መንገዱን የዘጋብንን ሰው አላህ በአውቶቡስ ያስኪደው!»

«አሚን!» አለ አውቶቡሱ በሙሉ።

ዝም ማለት ስለሚያስጠረጥር ኃላፊውም ቀስ ብለው «አሚን» አሉ። አሮጊቷ በተነፈሱ ቁጥር ትከሻቸው የኃላፊውን ትከሻ ይገፋው ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ የኃላፊው ዓይን እንባ አቀረረ። ሲወርዱ ሞሜና አብራ ወርዳ መንገድ አሻገረቻቸውና «ቤቱ ከጠፋብዎ ፖሊስ ይጠይቁ እሺ፣ አባባ» ብላቸው ተመለሰች።

በማግስቱ ኃላፊው አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ። ስለ አንዲት በሽተኛ እናት ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ ተናገሩ። የሂሳብ ክፍሏ ሴት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ለዚህኛው ግን ማንም አልመደባትም።

«ከእንግዲህ በዚህች ከተማ አንድም በሽተኛ መንገድ ላይ አይቀርም!» ብለው ጠረጴዛውን መቱት። «ወደ ልብ ሆስፒታሉ የሚወስደውን መንገድ ነገ ራሴ በአካል ተገኝቼ እጎበኛለሁ!»

ጭብጨባው ጋብ ሲል ኩድራት እስክሪብቶውን አነሣ።

«መንገዱ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ይዘጋ፣ ክቡርነትዎ?»

«ከማለዳ» አሉ ኃላፊው እንባቸውን እየጠረጉ። «በሽተኞቹ እንዳይጨናነቁ።»