ቅቤ ያልነካው አንጮቴ

የጾም ምግብ ይሰለቻል የሚባለው ውሸት ነው። የሚሰለቸው የጿሚው ንጭንጭ ነው። ሽሮ ስታቀርቡለት «ዛሬም ሽሮ?» ይላል፤ አዲስ ነገር ስታቀርቡለት «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይላል። እንዲህ ያለውን ፍጡር ምን ታበሉታላችሁ?

የነቀምቴ ጎረቤቴ መምህር ደሴ ከጎጃም መጥቶ እዚሁ ያገባ ጿሚ ነው። ሚስቱ ጫልቱ ጴንጤ ናት፤ አትጾምም። ሁዳዴ ሲገባ ግን ዕቃ እንዳይነካካበት ብላ ቅቤውን እናቷ ቤት ትልካለች።

አንድ የሁዳዴ ቀን እኔንም እናቷንም ምሳ ጠራችን። አንጮቴ የሚባለውን የወለጋ ሥራ ሥር ቀቅላ፣ ልጣ፣ በተቆላ ኑግና በሚጥሚጣ ለውሳ አቀረበች። ለወለጋ ሰው አንጮቴ ቅቤ ውስጥ ካልዋኘ አንጮቴ አይደለም። ደሴ አንዴ ጎረሰ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ሳህኑን ገፋ።

«ቅቤ አለው!»

«የለውም» አለች ጫልቱ።

«እንዲህ የሚጣፍጥ የጾም ምግብ የለም። ጾሜን አስገደፍሽኝ!»

የጫልቱ ፊት ጠቆረ። ጳጳስ ሊያስፈልገን ነው ብዬ ስሰጋ አማቱ ጮኹ።

«የምን ቅቤ! ቅቤዬን ይዤ ብመጣ ከበር መለሰችኝ። ኢንታላኮ፣ ልጄ፣ እንግዳ ፊት አንጮቴ ደረቁን? አዋረድሽኝ!»

ደሴ ሳህኑን ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ሳበ።

«ጫልቴ፣ ትንሽ ጨምሪልኝ።»

«ከቅቤው?» አለችው።

ሁላችንም ሳቅን። ጨመረችለትና ጭልፋዋን ይዛ አጠገቡ ቆመች። የምትጠብቀው አንዲት ቃል ነበር፤ እሱ ግን አፉ ሞልቷል።

አንባቢዬ፣ አንተ ጉርሻህን ዋጥና «ጣፈጠኝ» በላት።