የማይነሳው ይነሳ

በዚህ አገር ሰው ከጎርፍም ከአንበጣም ይተርፋል፤ ስልጠና ወስዶ ከተመለሰ ሰው ግን የተረፈ የለም። ሰውየው ሲሄድ እንደኛው ነበር። ሰላምታ ይሰጣል፣ ስለ ዝናቡ ያወራል፣ ቀልድ ሲነገር ይስቃል። ሦስት ቀን ባሕር ዳር ሰንብቶ፣ ባጅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሲመለስ ግን «ከግንዛቤ ፈጠራ አንጻር» ሳይል የሚጠጣ ውሃ እንኳ አይጠይቅም። በየከተማው አንድ አለ። የሞጣው ክቡር አቶ ይስማው ናቸው።

አቶ ይስማው የወይዘሮ ፈንታነሽ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ስማቸው ይስማው ይሁን እንጂ እሳቸው ሰምተው አያውቁም፤ የምንሰማው እኛ ነን። የወሰዱት ስልጠና አካል ጉዳተኛ እንግዶችን በአደጋ ጊዜ ከሆቴል ስለማውጣት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሊቀ እሳት ተብለው ተሹመዋል፤ ሿሚውም ራሳቸው ናቸው። እንግዳ ሲመጣ «እንደምን ዋሉ» ማለት ቀርቷል። «ገቡ፤ መልካም። መውጫዎን ያውቃሉ?» ነው የሚሉት። አንድ የአምበር ሰንጋ ነጋዴ የተባረረ መስሎት ጓዙን ይዞ ወጥቷል።

እኔ ከቢቸና እየተመላለስኩ ትምህርት ቤቶችን የምጎበኝ ሱፐርቫይዘር ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምሄደው በክራንች ነው። ሊቀ እሳት ከስልጠናው በተመለሱ ማግስት በበሩ ስገባ ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። ትምህርቱ ነበራቸው፤ የጎደላቸው አካል ጉዳተኛው ነበር።

በሌላው ሆቴል ሁሉ ክራንቼን ሲያዩ «ለእርስዎ ታች ይሻላል» ብለው ከወጥ ቤቱ ጎን ያስገቡኛል። ሽንኩርት ሲሸተኝ ያድራል። ሽንኩርቱስ ይለመዳል፤ የሚያንገበግበኝ የምተኛበትን ሌላ ሰው መወሰኑ ነው። አቶ ይስማው ግን የፎቁን ቁልፍ፣ ያውም በረንዳ ያለውን ክፍል ሰጡኝ። የፈለግኸው ቦታ ተኛ፣ ማውረዱ የእኔ ሥራ ነው አሉኝ። እንዲህ ያለኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

በሩ ላይ ግን ማስታወቂያ ለጥፈዋል። አቶ ይስማው በልጅነታቸው ደብረ ወርቅ ሄደው ቅኔ ጀምረው ያቋረጡ ሰው ናቸው፤ የቀረውን የጨረሱት በእኛ ላይ ነው። ማስታወቂያው «እሳት ሲነሳ የማይነሳው አስቀድሞ ይነሳ» ይላል። የጎረቤት ክፍል እንግዳ ፎቶ ይነሳ የተባለ መስሎት ጸጉሩን አበጠረ። እኔ ደግሞ መነሳት የሚያስቸግረውን ሰው ቀድመህ ተነስ ብሎ ማዘዝ ምን የሚሉት ግፍ ነው ብዬ ተቀየምኩ።

«ሰሙን ይዘህ ቀረህ» አሉኝ። «ሰሙ ተነስ ነው። ወርቁ እናነሳሃለን ነው።»

ወይዘሮ ፈንታነሽ ሰሙም ወርቁም አልጣማቸውም። «ሰውዬው ፎቅ ላይ እያለ አንድ ነገር ቢሆን የሚጠፋው የእኔ ስም ነው» አሉ። ወዲያው ፈረዱ፦ አቶ ይስማው እኔን በሰላም ሲያወርዱ እሳቸው በዓይናቸው ካዩ ክፍሉ የእኔ ይሆናል፤ ካላዩ ወደ ሽንኩርቱ እመለሳለሁ። ልምምዱ ለገበያ ቀን ተቀጠረ። ቀኑን የመረጡት ሊቀ እሳት ናቸው፣ ተመልካች ይብዛ ብለው።

ሲነገር ቀላል ነበር። እሳቸው «እሳት!» ብለው ይጮኻሉ፤ እንግዳው ሁሉ ተሰልፎ ይወጣል፤ አራት ሠራተኞች እኔን በቃሬዛ አውርደው ግቢው ውስጥ ዛፉ ሥር ያሳርፉኛል። አሠልጣኞቹ የዘነጉት አንድ ነገር ነበር። የእኛ አገር ሰው ጩኸት ሲሰማ የሚሮጠው ወደ ውስጥ ነው።

አቶ ይስማው ጮኹ፤ ገበያው ተነቅሎ ገባ። ከፊት ለፊት የጨርቅ ሱቅ ያላት ሳብሪያ በባልዲ ውሃ ይዛ ሁሉንም ቀደመች። እሳቱን ብታጣው ውሃው በከንቱ ከሚፈስ ብላ እኔ ላይ ደፋችው። ደረጃው በሰው ጢም አለ። ለመውጣት የተሰለፉት እንግዶች እየተገፉ ፎቅ ላይ ተመለሱ። አንዱ ፍራሼን ያወጣል፣ አንዱ ከእሳት ላትርፍ ብሎ በሩን ይነቅላል። ሊቀ እሳት መሐል ላይ ቆመው ፊሽካ ይነፋሉ፤ ከግንዛቤ ፈጠራ አንጻር እንድንወጣ ይለምናሉ።

እንደምንም ቃሬዛው ላይ ተጫንኩ፤ ወረድኩም። ከዚያ ዛፉን አልፈን ሄድን። በእኛ አገር ቃሬዛ ያየ መንገደኛ ትከሻውን ያስገባል እንጂ ወዴት ነው ብሎ አይጠይቅም። አራቱ ሠራተኞች በሌሎች አራት ተተኩ፣ እነዚያም በሌሎች። ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ ከተሸከሙኝ መካከል ነገሩ ልምምድ መሆኑን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ደህና ነኝ፣ አውርዱኝ አልኩ።

«ደህና ነኝ ማለት ጀምሯል» አሉ ከፊት የያዙት ሽማግሌ። «ቶሎ በሉ።»

ከኋላ ሴቶቹ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። እግሩን እሳት በላው የሚል ወሬ ከእኛ ቀድሞ ሮጠ። ክራንቼን ይዛ የምትከተለው ሳብሪያ ድሮም እንዲህ ነው ብላ ብትምል ሰሚ አላገኘችም። ጤና ጣቢያው በር ላይ ነርሷ የትኛው ቦታ ላይ ነው የተቃጠሉት ብላ ጠየቀችኝ። ረጥቤ ነው እንጂ አልተቃጠልኩም አልኳት።

ስንመለስ ወይዘሮ ፈንታነሽ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁን። አቶ ይስማው ባጃቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ። እንደዚያ አንገታቸውን ደፍተው አይቻቸው ስለማላውቅ ከክፍሉ ይልቅ እሳቸው አሳዘኑኝ። ወይዘሮዋ የተነቀለውን በር አዩ፤ ውሃ የሚያንጠባጥበውን ኮቴን አዩ።

«መውረዱንስ ወርዷል» አሉ።

ክፍሉ የእኔ ሆነ። ባጁም ወደ አቶ ይስማው አንገት ተመለሰ።

በቀደም ለስብሰባ ባሕር ዳር ተጠርቼ ነበር። ትልቅ ሆቴል ነው፤ ስድስተኛ ፎቅ ሰጡኝ። ሊፍቱ አጠገብ እሳት ሲነሳ በሊፍት መውረድ ክልክል ነው የሚል ተጽፏል። ታዲያ እኔ በምን ልወርድ ብዬ እንግዳ ተቀባይዋን ጠየቅኳት። ፈገግ ብላ እኛ ጋ እሳት ተነስቶ አያውቅም አለችኝ። ክፍሉ ያምራል፣ ሐይቁም ይታያል። አልጋው ላይ ተቀምጬ ግን እኒያ ጨቅጫቃ ሰውዬ ናፈቁኝ። በዕድሜዬ እንዴት ልትገባ ነው ያለኝ ብዙ ነው፤ እንዴት እንደምወጣ የተጨነቁልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ገና ሳይመሽ ደወልኩላቸው።

«ስንተኛ ፎቅ ነህ?» አሉኝ፣ ሰላምታ የለ ምን የለ።

«ስድስተኛ ነኝ፣ ጋሽ ይስማው።»

ቀጥለው ደረጃው ቃሬዛ ያሳልፍ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ያሳልፋል አልኳቸው።

«የባሕር ዳሩ አውቶቡስ ነገ ማለዳ ነው የሚነሳው» አሉኝ። «መጥቼ እስካነሳህ ድረስ እሳቱም አይነሳ፣ አንተም አትነሳ።»